የጋሽ ገብረአብ አንድ ክር

ጋሽ ገብረአብን የማያውቅ የፒያሳ ሹፌር አልነበረም። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ እኔ መድኃኔ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ እቀጠቅጣለሁ፣ እሳቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። ብዙ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። እኔ ችኩልና ተናዳጅ ነኝ፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን በሲባጎ አስረው አንዲት ሽቦ ይዘው ግማሽ ቀን የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ስለሳቸው ሰው ሲጠይቀኝ ደግ ደጉን አውርቼ አልፋለሁ። ዛሬ ግን የተውኩትንም እናገራለሁ።

በዚያ ጊዜ መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቶ ፊውዝ እንኳ አይገኝም ነበር። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ቀድሞ ተቃጥሎ መኪናውን የሚያተርፍ ትንሽ ነገር ነው። ሌላው ሠራተኛ የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ይመልሰዋል። መብራቱ ይበራል፣ ሹፌሩ መርቆት ይሄዳል፣ ከሳምንት በኋላ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ነድዶ መኪናው ይጨሳል። ጋሽ ገብረአብ ይህን ቢሞቱ አያደርጉም። ከአሮጌ ሽቦ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ክር ይመዙና፣ ለመብራት ይህን ያህል፣ ለጡሩምባ ይህን ያህል ብለው ፊውዙ ላይ ያስሩታል።

«የፊውዝ ሥራው መቃጠል ነው» ይሉኛል። «እሱ እንዳይቃጠል ካደረግከው ሰውዬውን ልታቃጥለው ነው።»

ደግሞ በግቢያችን አንድ ደንብ ነበረን። የፈለገ ክርክር ቢነሳ፣ «በጊዮርጊስ» ብሎ የማለ ሰው ዳግመኛ አይጠየቅም። ደወሉ እየተሰማው በውሸት የሚምል ሰው ይኖራል ብለው ጋሽ ገብረአብ አያስቡም። ያመኑትን ደግሞ ሄደው አያጣሩም።

ካላዩ የሚባል የሁለታችንም ወዳጅ ነበር። የአክሱም ሰው ነው፤ አሮጌ ሴቼንቶ ታክሲ ይነዳል። ሚስቱ ለተኪዳን አምስት ኪሎ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታጸዳለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በእግሯ እንዳትደክም ብሎ ሁልጊዜ ሲመሻሽ ሄዶ የሚያመጣት እሱ ነው። መንገዱ ላይ ግን ፍተሻ አለ። በዚያ ሰሞን መብራቷን ያጠፋች መኪና ጠባቂዎቹ ላይ ተኩሳ አመለጠች ተባለና፣ ከእንግዲህ መብራት አጥፍቶ የመጣ ይመታል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ በዚያው ሳምንት ነው የካላዩ መኪና መብራት ድርግም እያለ ያስቸገረው።

«ይቺ መኪና ፍተሻ ስታይ ፈርታ ዓይኗን ትጨፍናለች መሰለኝ» እያለ እየሳቀ ገባ። ሳቁ ግን የፍርሃት ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ገብረአብ ከፍተው አዩት። ከዚህ በፊት የነካካት ሰው የፊቱንም የኋላውንም መብራት በአንድ ፊውዝ አስሮታል፤ እሱ ሲቃጠል መኪናዋ በሙሉ ትጨልማለች። አምፖሎቹን ሁሉ አወጡና በፊውዙ ቦታ የመሞከሪያ አምፖላቸውን አሰሩ። ሽቦ የሆነ ቦታ ተልጦ ቆርቆሮ ከነካ ያቺ አምፖል ትበራለች። አልበራችም። ከዚያ መኪናዋን በሁለት እጃቸው እየገፉ ያነቃንቋት ጀመር። በቀኝ በኩል ሲጫኗት አምፖሏ አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች።

ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አትክልት ተራ ላይ ጎመን የጫነ ካሚዮን ወደ ኋላ ሲል ያንኑ የቀኝ ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መሸፈኛ ቆርቆሮ፣ ጨፍልቆት ያቃናሁት እኔ ነበርኩ።

«መድኃኔ፣ ስትገጥመው ሽቦውን ነክተህብኝ ይሆን?»

ደሜ ፈላ። ፓራፋንጎው ከተፈታ የለሰንኩበት ስቱኮ ይሰነጠቃል፣ ስንት ለምኜ ያገኘሁት ቀለም ይላጣል፣ ሥራዬ ሁሉ እንደገና ይጀመራል። በሌላ ሰው ፊት ሥራዬ መጠየቁም አንገበገበኝ። አጭር ብሎን አጥቼ ረጅም ማስገባቴ ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ነበር፤ ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ስሙ ይያዛል ስለተባለ ከኋላው ምን እንዳለ ሳላይ አጥብቄው ሮጬ ነው የሄድኩት። ይህ ሁሉ ባንዴ ትዝ አለኝ።

«በጊዮርጊስ አልነካሁም!» አልኩ።

«እሺ፣ ይበቃል» አሉና ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሩ። እዚያም ልባሱ ያረጀ ሽቦ አገኙ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው ብለው በፕላስተር ጠቀለሉት። ለፊውዙ ሁለት ክር አሰሩለት። መብራቱ ቦግ ብሎ በራ።

ካላዩ ግን ልቡ አላረፈም። «ጋሽ ገብረአብ፣ ለዛሬ ብቻ ብር ወረቀት ያድርጉልኝ፤ ነገ ጠዋት አምጥቼ አስፈታዋለሁ።»

«እርጉዝ ጭነህ? እሳት አስይዤ አልልክህም።»

«እንግዲያው አንድ ክር ይጨምሩልኝ።»

«ልኩ ሁለት ነው፣ ልጄ።»

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አፌን ከፍቼ «ቆይ፣ ፓራፋንጎውን ልፍታው» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ስንት ነው? አላልኩም። ካላዩ እጁን አውለብልቦልን ወጣ።

ፍተሻው ጋ ከመድረሱ በፊት አስፋልቱ ተቦድሶ ጉድጓድ ሠርቷል። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን መኪናዋ እዚያ ዘላ ስትወድቅ መብራቷ ጠፋ። አጠገባችን ዳቦ የሚሸጥ ሰው ከሩቅ አይቷል። ካላዩ ፍሬን ይዞ እጁን በመስኮት እያወጣ ነበር አለን። አላስጨረሱትም። ለተኪዳን አምስት ኪሎ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ በብርድ ቆማ ጠበቀችው፤ አልመጣ ሲላት በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ሬሳውን አልሰጧትም። ጮኾ ማልቀስ የተከለከለ ስለነበር ሁለት ቀን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ልጁ ሳይወለድ ሞተ።

መኪናዋን ከአራት ወር በኋላ ለቀቁላት። ሸጣ አገሯ ልትገባ ነበርና እንድናስነሳላት ወደ ግቢያችን አስጎትታ አመጣቻት። ጋሽ ገብረአብ መጀመሪያ የከፈቱት ፊውዙን ነው። ያሰሩት ክር ተቃጥሏል። መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ሰዓት ተመለከቱት፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁና ፓራፋንጎውን ፈታሁት። የብሎኑ ጫፍ የሽቦውን ልባስ ወግቶ ገብቷል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ብሎኑን መንገድ ዳር ቱቦ ውስጥ ጣልኩት። ሲወድቅ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ገብረአብ ሰው አልሆኑም። የመጣላቸውን ፊውዝ ሁሉ በብር ወረቀት እየጠቀለሉ ይመልሱ ጀመር። የአንዱ መኪና ነደደ፣ የሌላውም ጨሰ፤ ደንበኛው ጥሏቸው ሄደ። መጨረሻ ላይ መሣሪያቸውን ሳይዙ መጥተው አጠገቤ በርጩማ ላይ መቀመጥ ብቻ ሆነ ሥራቸው። ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ሐሳቡ ድንገት ይነሳባቸዋል።

«መድኃኔ፣ አንድ ክር ብጨምርለት ኖሮ ፍተሻውን ያልፍ ነበር።»

«የእግዜር ሥራ ነው ጋሼ» እላለሁ፣ መዶሻዬን ሳላቆም። ስድስት ዓመት ይህንኑ ስል ኖርኩ። ልነግራቸው ያሰብኩበት ቀን ብዙ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

በ1976 ዓ.ም. ጾም መያዣ ላይ ሳንባቸው ታመመና ተኙ። ሚስታቸው እትዬ እፀገነት «ያንተን ስም ነው የሚጠራው» ብለው አስጠሩኝ። ስገባ ከአጥንት በቀር የቀራቸው ነገር አልነበረም። እጄን ያዙኝ።

«አንተ እዚያ ነበርክ። ሁሉንም አይተሃል። ጥፋቱ የኔ አይደለም ብለህ በጊዮርጊስ ማልልኝ። አንተ ከማልክ እኔ አምናለሁ።»

በሕይወቴ እንደዚያ እውነት የሆነ መሐላ ተጠይቄ አላውቅም። መማል እችል ነበር። ግን እንዴት አወቅህ ቢሉኝስ? ብሎኑን ልነግራቸው ነው። በዚያች ብሎን ምክንያት ስድስት ዓመት እንዳቃጠልኳቸው ልነግራቸው ነው። እትዬ እፀገነት ከእግርጌያቸው ቆመው ያዩኛል። አንገቴን ደፋሁ።

ዝም ማለቴን ፍርድ አድርገው ወሰዱት።

«እኔም አውቄዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ እጄን ለቀቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ጠዋት ዐረፉ።