ሰላምታ የተከለከለበት ቅዳሜ

ቀለበት ብረት ሲመታ የሚያወጣው ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ በገባ ቁጥር፣ በስደት አገር፣ ሂልብሮው በሚባል ሰፈር ወደነበረችው አንድ ክፍላችን፣ ሊፍቱ ወደማይሠራው ፎቅ ይመልሰኛል። በራችንን እንዲያ የሚያንኳኩት ጋሼ መኮንን ብቻ ነበሩ። ከአየር ማረፊያ የተቀበሉን፣ ያቺን ክፍል ያገኙልን፣ አባባ ቴምቢሳ በሚባል ከከተማ ውጭ ያለ ሰፈር ሱቅ ውስጥ እያደረ ሲሠራ እንደ አባት የሚጠይቁን እሳቸው ስለነበሩ፣ ቀለበታቸው ሲሰማ ሁላችንም ብድግ እንል ነበር።

እዚህ አገር ትምህርት የሚጀመረው በጥር፣ ሙቀትና ነጎድጓድ አብረው በሚመጡበት ወር ነው። አንድ ጥር ላይ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ እዚህ ከስምንተኛ የሚጀምረው ሁለተኛ ደረጃ ልመዘገብ ከእማዬ ጋር ብሄድ፣ የስደተኛ ወረቀትሽ አልታደሰም ተብዬ ከበሩ ተመለስኩ። ዓይን አፋር ነበርኩና አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ቤት ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ታላቅ እህቴ ቤቲ ግን ቀደም ብላ ስለተመዘገበች ቀጠለች፤ ጎበዝ ስለነበረችም ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለች የኮሌጅ አልጀብራ እንድትወስድ ተመረጠች። ትምህርቱ ግማሹ ክፍል ውስጥ ከአስተማሪ ጋር፣ ግማሹ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ነበር። ትምህርት ቤቱ ያዋሳትን ላፕቶፕ አልጋው ላይ ከፍታ፣ የተቀረጸውን ትምህርት እያቆመችና ወደኋላ እየመለሰች ስታዳምጥ፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ከጎኗ እቀመጥ ነበር። ስለ ኤክስና ዋይ ብዙም አይገባኝም ነበር፤ ቤታችን ውስጥ የቀረው ትምህርት እሱ ብቻ ስለነበረ ግን እንደ ራሴ ትምህርት እሳሳለት ነበር።

ሰኔ ገብቶ ደረቁ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ሲጀምር የመጀመሪያው ፈተና መጣ። ፈተናው ቤት ውስጥ፣ ካሜራና ማይክ ተከፍቶ የሚወሰድ ሲሆን፣ ከተፈታኟ ሌላ ፊት ከታየ ወይም ድምፅ ከተሰማ ይሰረዛል። ያን ሕግ ያወጣው ሰው አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ኖሮ አያውቅም። ከመጋረጃው ማዶ የሚኖረው ልብስ ሰፊው አየለ ከሥራ ገብቶ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ቤቲዬ፣ እንዴት ዋልሽ? እናትሽ ደህና ናት? ቴምቢሳስ ሰላም ነው? ምነው ዘጋሽኝ፣ ተጣላን እንዴ?» ሲላት፣ እንባዋ ወረደ። ፈተናው ተሰረዘ። አስተማሪዋ የመጨረሻው ፈተናም እንዲህ ከተበላሸ ከትምህርቱ እንደምትወጣ ነገረቻት። አየለ «ሰው በሰላምታ ይወድቃል?» እያለ ሲብሰለሰል ከረመ።

ጥቅምት ላይ፣ የጎዳናው ዛፎች ወይን ጠጅ አበባቸውን አስፋልቱ ላይ ሲያራግፉ፣ የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቷል፤ እማዬ መሃል ከተማ ልብስ ልትሸጥ ወጥታለች፤ አየለም በገዛ ፈቃዱ ከጠዋት ጀምሮ ተሰዷል። እኔ የብረት በራችንን ቁልፍ ይዤ ቆምኩ። ቤቲ ፈተናውን ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ የጋሼ መኮንንን ሳል ሰማሁ። ሮጬ ወጥቼ፣ የእንጨቱን በር ዘግቼ፣ የብረቱንም ከኋላዬ ቆልፌ፣ ቀለበታቸው ሳይደርስበት ፊታቸው ቆምኩ።

«እህትሽ የለችም እንዴ?» አሉ እያለከለኩ።

«አለች፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ክፈቺያ! ይሄን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት በር ልሳለም ነው?»

«አይገቡም» አልኩ በሹክሹክታ። «ፈተና ላይ ናት። ድምፅ ከተሰማ ይሰረዝባታል።»

«ፈተና ሰላምታ ይከለክላል?»

«ይከለክላል።»

«ከኤርፖርት ያመጣኋችሁን ሰውዬ ደረጃ ላይ ልታስቀምጪኝ? አፍ የላትም ሲሉኝ አምኜ!» አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ይህን ጊዜ እማዬ ጥቅሏን ተሸክማ ደረሰች። «ውይ በሞትኩት! ጋሼን? አምጪ ቁልፉን!» ብላ እጇን ዘረጋች።

ቁልፉን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ፣ «አልሰጥም» አልኳት። እሷን እንቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። እኔን አየችኝ፣ በሩን አየች፣ ከዚያ ጥቅሏን አውርዳ እሷም ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፈተናው እስኪያልቅ ሦስታችንም እዚያው ጠበቅን። ቤቲ ከውስጥ ብረቱን ይዛ «ጨረስኩ!» ስትል ከፈትኩ፤ ጋሼ መኮንን ግን ሱሪያቸውን አራግፈው፣ ሳይገቡ ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ ያላለኝ አልነበረም። ቤቲ እንኳ ማለፏን በሰማች ቀን እየሳቀችም እያለቀሰችም አቅፋኝ፣ «ለኔ ስትይ» አለችኝ። «ስላመጡን እስማለሁ፤ ስለዚያ በር ግን አልስምም» አልኩ። እኔ ከትምህርት ቤት በር ስመለስ ማን ይቅርታ ጠየቀኝ? እኔን ያስቆመኝን ወረቀት ማስቆም አልቻልኩም፤ የእህቴን ፈተና ሊያሰናክል የመጣን ሰው ግን፣ ጋሼ መኮንንም ቢሆኑ፣ አስቆምኩ።

ዛሬ ከእማዬ ጋር የምኖረው ሜይፌር የሚባል ሰፈር ነው። መጋረጃ የለም፤ ቤቲ ስትመጣ ገብታ የምትዘጋው የራሷ ክፍል አላት። እኔ ሱቅ ነው የምውለው፤ ደንበኛ በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና፣ ሲሲ»፣ ሰላም እህቴ፣ ሲለኝ አሁንም አንገቴን ደፍቼ ነው የምመልሰው። ጋሼ መኮንን አርጅተዋል። ተኳርፈን ብዙ ከቆየን በኋላ መምጣት ጀምረው፣ በሩ ወለል ብሎ ቢያገኙት እንኳ ብረቱን በቀለበታቸው መትተው፣ «ዘበኛዋ ትፈቅዳለች?» ብለው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ቤቱ ሁሉ ይስቃል። እኔ የያዝኩትን አስቀምጬ፣ እጄን አድርቄ፣ ሳልቸኩል ሄጄ «ይግቡ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ። ድምፄ እንደ ያኔው ዝቅ ያለ ነው፤ ብቻ አሁን እስኪሰማ ይጠበቃል።