መርዶ ነጋሪው ሲታመም

መጀመሪያ ያመመኝ መንጋጋዬ ነበር። ጠዋት ስነሳ አፌን መክፈት ይቸግረኛል፤ ቆሎ ቀርቶ እንጀራ ማኘክ ያሠቃየኝ ጀመር። ጥርስ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ሐኪም ጥርሴ ጤነኛ መሆኑን ቢነግረኝም አላመንኩትም፤ ሌላ ዘንድ ሄጄ ለምኜ አስነቀልኩ። ጥርሱ ወጣ፣ ሕመሙ ግን እዚያው ቆየ።

የምኖረው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የተወለድኩት ጊዳ አያና ነው፤ አባቴ ከጎጃም መጥቶ በሰፈረበት መንደር። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ስለምናገር፣ በአገሩ ላይ ክፉ ቀን ከመጣ ወዲህ ከዚያ የሚደወለው ሁሉ ወደ እኔ ሆነ። እገሌ አርፏል፣ ነቀምቴ ላለችው እህቱ ንገርልን ይሉኛል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይኬዳል፣ ከዚያ አንድ ሰው አፉን ይከፍታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ለአማራውም ለኦሮሞውም፣ ለኦርቶዶክሱም ለፕሮቴስታንቱም። «አንተ ስትነግረን ይሻላል» ሲሉኝ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። መርዶ ነጋሪ አያለቅስም፤ የሚወድቀውን ደግፎ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔም ወደ ክፍሌ እሄድ ነበር።

እየቆየ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጥኩበት ብድግ እል ጀመር። እንቅልፌ ጠፋ። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ድካም ነው አልኩ።

አንድ ቀን ስለ ወንዞች ሳስተምር ደረቴ ተጨመቀ። ግራ እጄ ደነዘዘ። ጠመኔው ወደቀ። ተቀመጥኩ። መነሳት አቃተኝ። ሞቴ ነው አልኩ።

ሆስፒታል ኢሲጂ አነሱኝ። ልቤ ደህና ነበር። የደም ግፊቴ ግን ነርሷ አንዴ ለክታ፣ ደግማ ለክታ፣ ሐኪም ፍለጋ እስክትወጣ ድረስ ከፍ ብሏል። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ግን አይቸኩልም። መንጋጋዬን ዳስሶ ተኝቼ ጥርሴን አፋጭ እንደሆነ ጠየቀ፤ ባለቤቴ ጫልቱ አዎ አለችው። ከማስተማር ሌላ ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ ስለ መርዶው ነገርኩት። ሰማኝና «መምህር፣ ግፊትዎ እንዲህ ከቀጠለ ስትሮክ ያመጣብዎታል» አለኝ። አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን አዘዘልኝ፤ ጨው እንድቀንስ፣ እንዳርፍ፣ ስልክ እንዳላነሳ አስጠነቀቀኝ። ጫልቱንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ አደራ አላት።

ነገሩ የተበላሸው በዚህች አደራ ነው።

ጫልቱ ስልኬን ወሰደች። ጥቂት ቀን ደህና ተኛሁ። ከዚያ ወንድሟ በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ከአኖ ከተማ መጣ፤ ሱቁን በዋዛ የሚዘጋ ሰው አይደለም። ሰላምታውን ሳይጨርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጎረቤታችን ኦቦ ዲንቃ ገብተው ብዙ ተቀመጡና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ይህን ሥርዓት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስንቱን ሰው እንዲህ ከብቤ እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል። እኔ ግን ሰው እንደሞተብኝ አወቅሁ፤ ያላወቅሁት ማን እንደሆነ ነው። ጫልቱን ስጠይቃት «ሁሉም ፈያ ናቸው» ትለኛለች፣ ደህና ናቸው ማለቷ ነው፣ ዓይኔን ሳታይ። ጊዳ አያና ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ አለ፣ አጎቴ አለ፣ የአክስቴ ልጆች አሉ። ሁሉንም በየተራ በሐሳቤ ቀበርኳቸው። አንዱን ቀብሬ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። እናቴ እዚሁ ነቀምቴ እህቴ ቤት ነበረች፤ እየመጣች እጄን ይዛ ትቀመጣለች፣ ብዙ አትናገርም።

ግፊቱ አልወርድ አለ። ዶክተሩ ሁለተኛ መድኃኒት ጨመረ፤ እሱም አልረዳም። ኪኒኑን በሰዓቱ እወስድ እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ዶክተር፣ ቤቴ ውስጥ የተደበቀ መርዶ አለ» አልኩት።

ጫልቱን አስጠራት።

«እንዳይሰማ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ» አላት። «ያላወቀው ሳይሆን የጠረጠረው ነው እየጎዳው ያለው። እዚሁ ይንገሩት፣ እኔም አለሁ።»

«ደሳለኝ ነው» አለች።

አለቀስኩ። ዶክተሩ በሩን ዘጋው። አሁንም አለቀስኩ።

ወንድሜ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ኢንሱሊኑ አለቀበት። ይህን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ፤ ንዴቴን አልደብቅም።

ከዚያ በኋላ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይወርድ ጀመር፤ ተአምር አልነበረም፣ መድኃኒቱንም አላቋረጥኩም፣ የሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ነርስ ሕመሜን ሳትንቅ ቀርባ አተነፋፈስ አስተማረችኝ፣ የሰማኋቸውን ሞቶች አንድ በአንድ እንድነግራት አደረገችኝ፣ እኔም ፀሐይ ሳይበረታ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፣ መንጋጋዬም ሳላስተውለው ላላ።

ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ለእናቴ አልተነገራትም። የሚነግራት እኔ ነኝና እስክድን እየጠበቁ ኖሯል። አልችልም አልኩ። በዚህ ጉዳይ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ አፈርኩም። ኦቦ ዲንቃ ግን፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ከእናትህ ጎን ተቀመጥ፣ እኔ እናገራለሁ አሉኝ።

ማልደን ሄድን። «ሃርሜ፣ ጀባዳ» አሉ ኦቦ ዲንቃ፤ እናታችን፣ ይበርቱ ማለታቸው ነው። ሳይጨርሱ እናቴ እጇን አነሳች።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ፊታችሁን እያየሁ ከረምኩ። ይሄኛው እስኪድን ብዬ ነው ያልጮህኩት፤ እሱም ይሙትብኝ?»

ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ድነሃል?»

እየዳንኩ ነው አልኳት። ያን ጊዜ ጮኸች። እኔም አብሬያት ጮህኩ።

በዚያው ሰሞን ጫልቱ እናቴን ወስዳ አስለካቻት። የእሷ ግፊት ከእኔ የባሰ ነበር። ዛሬ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ኪኒን እንውጣለን።

«ተሳስቻለሁ» ለማለት ላልከበደው ዶክተር፣ ለነርሷ፣ ስልኩን ከእኔ ተቀብለው በየተራ ለሚያነሱት ለኦቦ ዲንቃና ለጎረቤቶቼ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ጫልቱን በየቀኑ አመሰግናታለሁ፤ ሰልችቷታል።

የሌላውን ሐዘን የምትሸከሙ ካላችሁ፣ መንጋጋችሁን ሲያማችሁ ግፊታችሁንም ተለኩ። ጥርሳችሁን አታስነቅሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ሐዘንም እንደዚያው ነው። ለታመመ ሰው ስትሉ የያዛችሁት ወሬ ካለ ሐኪሙን አማክራችሁ ንገሩት፤ ምናልባት እሱም ለእናንተ ብሎ ዝም ብሏል። ልትነግሩት ስትሄዱ ግን ብቻችሁን አትሂዱ።