የእሱ ትከሻ፣ የሌላ ሰው ራስ

በፎቶ ቤቱ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ሽፋን» ይለዋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። የታተመውን ፎቶ ውሃና አቧራ እንዳይነካው ስስ ላስቲክ የሚያለብሰው እሱ ነው፤ ይህ አንዱ ሽፋን ነው። ሁለተኛው ግን ጉድ ነው። ከቤተሰብ ፎቶ የቀረ ሰው ካለ «ና እስቲ ሸፍን!» ይሉታል፤ ኮት ለብሶ በቀሪው ቦታ ይቆማል። ከዚያ ባለ ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር የሱን ራስ ቆርጦ የቀሪውን ይተክላል። ትከሻው በስንቱ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ፊቱ ግን የትም የለም።

ባለ ፎቶ ቤቱ በዚህ ሙያው ራሱን «አርቲስት» ይላል። አንዱን ነጋዴ ከአንገት በላይ ወፍራም፣ ከአንገት በታች እንደ ሽፋን ሲባጎ አድርጎ ሲያስረክበው «መብራቱ ነው» አለው። ነጋዴውም አመነ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሽፋን ልጁን ሲድር ፎቶው የተነሣው እዚያው ነበር። ሙሽራዋ ልትወስደው ስትመጣ አክስቷ፣ የሚስቱ እህት፣ ተከትላት ገባች። ባሏ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ከሠርጉ ቀርቷል።

«አንተ ሽፋን፣ ያው ሥራህ አይደል?» አለችው በፎቶው ላይ ፊቱን በጥፍሯ እየነካች። «የባሌን ራስ እዚህ እናድርገው። አማቾቿ ሳሎን ሲሰቀል የትልቅ ሰው ፊት ይታይበት።»

«ጎን ላይ ቦታ አለ እኮ» አለ ሽፋን።

«ጎን ላይ ማን ያየዋል? ከሙሽራዋ አጠገብ ነው እንጂ!»

አርቲስቱ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ወዲያው ይደርሳል፣ እትዬ።»

ሽፋን ጠዋት ጠዋት ፈጣሪውን ስለ ጤናውና ስለ ሥራው የሚያመሰግን፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። አሁን ግን ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስሚ እህቴ፤ ለነጋዴው ሸፍኛለሁ፣ ለሻምበልም ሸፍኛለሁ። ይቺን ልጅ ግን የወለድኳት ለሰው ሸፍኜ አይደለም!»

አርቲስቱ ሊስቅ ጀመረና አክስትየዋን አይቶ ሳቁን ዋጠው። ሁሉም ወደ ሙሽራዋ ዞረ፤ ፎቶው የሷ ነውና።

«አጎቴ ፎቶ ካማረው በገዛ እግሩ ይምጣ» አለች። «አባዬ፣ ላስቲኩን አልብሰውና እንሂድ።»

አለበሰው። አክስትየዋ በሩን ከፍታ ስትወጣ ዞር አለች፤ «ታዲያ ምን ያኮሳትርሃል? ፈገግ ብትል ምን ነበረበት!»

እውነቷን ነው፤ ሽፋን በፎቶው ላይ ግንባሩን ቋጥሯል። ይህን ሁሉ ዘመን «ትከሻህን ቀና አድርግ!» ሲሉት ኖሩ እንጂ ስለ ፊቱ ማን ነግሮት ያውቃል?