የዘለልኩት የጨው ስንኝ

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። አንባቢዬ፣ ጆሮህን ብቻ ስጠኝ፤ አታጽናናኝ።

ሐርጌሳ ከፍርስራሿ በምትነሳበት ጊዜ፣ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈሯ ለሐጂ ዑመር ድንጋይ አቀብል ነበር። ሐጂ ድሬዳዋ ያደጉ ግንበኛ ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም፤ የሰሙትን ግጥም ግን አይረሱም። ልባቸው ሲታመም ሐኪሙ ምን እንደሚበሉና እንዴት እንደሚኖሩ በእንግሊዝኛ ጻፈላቸው።

«አንተ ገጣሚ ነኝ ባይ፣ በል ይቺን ወረቀት አናግራት» አሉኝ።

በአማርኛ ገጠምኩላቸው፦

ጮማውን ለጎረምሳ፣ ጎመኑን ለእኔ ስጡኝ፤
ከሱብሒ በኋላ ልራመድ፣ እግሮቼ ልቤን ያክሙልኝ።

ሲጋራውን፣ ጫቱን፣ ዓሣውን፣ ሁሉንም ቤት አስመታሁ። ጨው ግን እምቢ አለኝ። «ጨው ቀንሱ» የሚለው ዜማዬን ሰበረብኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩና ተውኩት። እኔ ነኝ የተውኩት። የሰው ልብ ከስንኝ ያንሳል? ያኔ ይህን አልጠየቅሁም፤ ኮርቼ ነበር። ግንበኞቹ ድንጋይ እየጠረቡ ግጥሜን ያዜሙት ነበር። ሐጂም ሲጋራቸውን ጣሉ፤ በየማለዳው ተራመዱ።

ጎመኑ ግን አልጥም አላቸው። ልጃቸው ዘምዘም «አባ፣ ጨው በዛ!» ስትል፣ «ግጥሙ ውስጥ የታለ? አምጪው!» እያሉ ይነሰንሱ ነበር። ከዚያው ሳህን አብሬ እበላ ነበር። ሰማሁ፤ መጉረሴን ቀጠልኩ።

እግራቸው አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ደግፌ እዚያው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ወጣቱ ሐኪም ጅጅጋ የተማረ ነውና አማርኛ ይሰማል። ግጥሜን በቃላቸው አወረዱለት። ሳቀ፣ አደነቀ፤ ከዚያ «ጨውስ?» አለ።

«የለበትም» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያው ሳልጽፈው ቀርቼ ነው። አፉ በሉኝ፣ ሐጂ።»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጨው ከሁሉም በላይ፣ መጀመሪያ ተጽፎበታል። ሰው በእኔ ጥፋት ይቅርታ ሲለምን፣ እኔ ግጥሜ መደነቁን አስብ ነበር!

አልሐምዱሊላህ፣ ሐጂ ተረፉ። በማግስቱ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ጨው ቀንሱ፤ በጣም ቀንሱ፤ ጨው።»

«ይቺ ታነክሳለች» አሉኝ።

«ታነክስ፣ ሐጂ።»

ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

ግጥሙ ዛሬም ይዜማል፤ ዛሬም እኮራበታለሁ፤ አልዋሽም። ልጅነት ነው አልልም። ሐጂ ነገ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ አብሬያቸው እገባለሁ፤ ይህን ለሁለቱም አነብላቸዋለሁ፤ ቤት ሳልመታ።