እንደ ልጅ

ይኸው ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ደግሞም አልደብቀውም። የማወራው ስለ አባቴ ነው፤ ስለ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ስለ ጋሽ ደምሴ። ሀዋሳ ታቦር ሰፈር መጥታችሁ “የጋሽ ደምሴ ቤት የት ነው?” ብትሉ የባጃጅ ሾፌሩ በር ድረስ ያደርሳችኋል፤ ያላስተማረው ሰው የለማ። ጨዋ ነው። ሰዓት ያከብራል። ሰፈር ውስጥ እናትና ልጅ ከተጣሉ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው እሱ ነው። የሰው እናትና ልጅ ያስታርቃል እኮ! ይህን ሳስብ አንጀቴ ያርራል።

ሙሉ ስሜ ህሊና ደምሴ ምንያህል ነው። ምንያህል አያትሽ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ፎቶው ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ሀዋሳ የመጣ፣ ፊቱ ኮስተር ያለ ሰውዬ ነው። ከእሱ በላይ ያለውን ስጠይቅ አባቴ ነገር ያስቀይሳል። “ዘመዶቻችንስ የታሉ?” ስለው “አልቀዋል” ይለኛል። በቃ፣ አልቀዋል። ጓደኞቼ ለበዓል ዘመድ ቤት ሲሄዱ እኛ ሦስታችን፣ አባቴ፣ እናቴ አለምነሽና እኔ፣ ዶሮውን ተፋጠን እንበላለን። አመንኩት። አባት ነው፣ ምን ላድርግ?

ከሁለት ዓመት በፊት ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘሁና ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ሄድኩ፤ የውሃ ሀብት ላጠና። የሮን ወንዝ በሊዮን በኩል እንደሚያልፍ ያወቅኩት ገና ሕፃን ሆኜ ነው። አባቴ አትላሱን ዘርግቶ፣ ወንዙ ከየት ተነስቶ የት ባህር እንደሚገባ በጣቱ እየተከተለ ያሳየኝ ነበር። የሰው አገር ወንዝ መነሻ ያስተምረኛል፤ የራሱን መነሻ ግን ይደብቀኛል!

ፈረንሳዮች የእኛ አጠራር አይገባቸውም። ሰው ሁሉ “የቤተሰብ ስም” አለው ብለው ያምናሉ። ፓስፖርቴን አዩና መጨረሻ ላይ ያለውን ስም አንስተው የቤተሰቤ ስም አደረጉት። ባንክ ሄድኩ፣ ክፍል ገባሁ፣ ሐኪም ቤት ተሰለፍኩ፣ የትም “ማድሞዋዜል ምንያህል” ነኝ። “ኧረ እኔ ህሊና ነኝ፤ ምንያህል አያቴ ነው” ብል ማን ይስማኝ? ሲመረኝ ተውኩት።

መስከረም ላይ የሊዮን ሐበሾች የእንቁጣጣሽ ዝግጅት አዘጋጁ። በሩ ላይ የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ተለጥፏል፤ እንደ አገሩ ልማድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል። ስሜን ስፈልግ ሁለት ምንያህል ተከታትለው አየሁ። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ “ምንያህል ጥሩወርቅ” ትላለች። ገና ሳልዞር ከኋላዬ አንድ ድምፅ “ምንያህል ህሊና የምትባለው ማናት?” አለ። ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ሰባ የተጠጉ ሴት ናቸው።

“እኔ ነኝ፣ እትዬ።”

“የየትኛው ምንያህል?”

“የሀዋሳው።”

“የሀዋሳው ምንያህል እኮ አባቴ ነው!” ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። በሃያ ሰባት ዓመቴ አክስት አገኘሁ! የፈረንሳዮቹ ስህተት ዘመድ አመጣልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በሳምንቱ እሁድ ምሳ ጋበዙኝ። ምግቡ ቀርቦ፣ “እስኪ ንገሪኝ፤ ከወንድሞቼ የማንኛው ልጅ ነሽ?” አሉኝ።

“የደምሴ።”

“ደምሴ የሚባል ወንድም እንኳ…” ብለው ትንሽ አሰቡና በሳቅ ፈነዱ። “ውይ! ደምሴ! እኛ ቤት ያደገው ልጅ! እንደ ልጃችን እኮ ነበር!”

እንደ። ሦስት ፊደል ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህች ቃል ሰው እንደምትጎዳ አላውቅም ነበር። ልጃችን ነበር አላሉም፤ እንደ ልጃችን ነበር አሉ። “እንደ ልጅ ማለት ምን ማለት ነው?” አልኳቸው። ነገሩ ክፉ አልመሰላቸውምና ዘርዝረው ነገሩኝ። አባታቸው ልጁን በስምንት ዓመቱ ከሲዳማው ለኩ ገጠር አምጥተውት ነው። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ማድ ቤት ይተኛል፤ ደግሞም ይማራል። ስሙ ዱካሞ ነበር። ለመጥራት አይመችም ብለው ደምሴ አሉት። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡት የአባት ስም ተጠየቀ፤ እሳቸውም “ምንያህል በሉት” አሉ።

“የወላጅ አባቱ ስምስ?”

“እሱን እንኳ አላስታውስም፣ የኔ ልጅ። የእናቱን ግን አስታውሳለሁ፤ ዳንጊሴ። በየጊዜው ለኩ ገበያ አካባቢ ካለው ቀበሌዋ በእግሯ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ምን ሆነ መሰለሽ…” ብለው እንደገና ሳቁ። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር በር ላይ ቆሟል። እናቱ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ መጣች። ልጆቹ “ማናት?” ሲሉት “ቅቤ ሻጭ ናት” አላቸው። ሴትዮዋ አማርኛ ብዙ ባትችልም ይህቺን ሰምታለች። ቅቤውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ሁለተኛም አልመጣች።

“አያስቅም?” አሉኝ።

አያስቅም፣ እትዬ ጥሩወርቅ። ምኑ ነው የሚያስቀው? እሳቸውን መጥላት ነበረብኝ፤ ጠላኋቸውም። ግን እሁድ እሁድ እየሄድኩ ያስታወሱትን ሁሉ ጨምቄ አወጣሁባቸው፤ የቀበሌውን ስም፣ ከገበያው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሴትዮዋ ምን እንደምትመስል። እየጠላኋቸው ያበሰሉትን እበላለሁ። ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ለአባቴ ስልክ አልደወልኩም። ይህ የስልክ ነገር አይደለም። እስከ ሐምሌ አስር ወር ሙሉ በውስጤ ተቃጠልኩ። ያልገባኝ ሁሉ እየገባኝ መጣ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ ከተማው በሙሉ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲተም አባቴ ምክንያት ፈልጎ ሻሸመኔ የሚሄደው ለካ ለዚህ ነው! የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው ነው! በዓሉን እንደ ቱሪስት ዳር ቆሜ ፎቶ ሳነሳ ነው ያደግኩት፤ እኔ፣ የዱካሞ ልጅ!

አያቴ በሕይወት ካለች ሰማንያ አልፏታል። ቲኬቴ የሦስት ሳምንት ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አባቴን ይዤው ካልሄድኩ ምናልባት ሁለተኛ ዕድል የለም። ሀዋሳ በገባሁ በማግስቱ፣ ቁርስ በልተን እንደጨረስን፣ “አባዬ፣ ዱካሞ ማነው?” አልኩት።

መጀመሪያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ጎረቤት እንዳይሰማ!

“ማን ነገረሽ?”

“ጥሩወርቅ ምንያህል። ሊዮን ነው የምትኖረው።”

“እንዴ! ጥሩዬ! ደህና ናት?”

ደሜ ፈላ። “የሷን ደህንነት ትጠይቃለህ? የእናትህንስ ማን ይጠይቅልህ?” ብዬ ጮህኩ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ “ተይ ህሊና፣ ቀስ በይ” አለችኝ። ፊቷን ሳየው እሷም ታውቅ ኖሯል። በገዛ ቤቴ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ!

አባቴ ተቀመጠ። “አቶ ምንያህል ባያስተምሩኝ ኖሮ አንቺ ዛሬ ፈረንሳይ ትረግጪ ነበር?” አለኝ።

“ስላስተማሩህ አመስግናቸው፤ ፎቷቸውንም ስቀል። እናትህን ቅቤ ሻጭ በላት ያሉህ ግን እሳቸው ናቸው?”

ይህን እንዳውቅ አልጠበቀም። “አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር” አለ።

“አሁንስ ስንት ነህ?”

“ስልሳ ሦስት።”

“ታዲያ?”

“ዘንድሮ እሄዳለሁ እላለሁ። ደግሞ አምና ለምን ቀረህ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ እላለሁ። በቀረሁ ቁጥር መሄድ እየከበደኝ መጣ፣ ህሊናዬ። አንድ ዓመት ነበር፤ ሃምሳ ሆነ።”

አሳዘነኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አሳዘነኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ከሀዋሳ ለኩ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም! አንድ ሰዓት! እኔ የአባቴን እናት ስም ለመስማት ባህር መሻገር ነበረብኝ? “ቅዳሜ እሄዳለሁ። ብትመጣም ባትመጣም” ብዬው ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ጋቢ በፌስታል ይዞ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለስብሰባ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሚኒባሱ ውስጥ ከረባቱን ሲያስተካክል ነበር። ለኩ ወርደን መንገድ የሚጠየቅበት ሰዓት ሲደርስ ግን አፉን ከፍቶ በሲዳሙ አፎ እንደ ውሃ አንበለበለው! ዕድሜዬን በሙሉ “አልችልም” ሲለኝ የኖረውን ቋንቋ! ለሰውዬው እየሳቀ ሲያወራ ሳየው ፌስታሉን ነጥቄ ብወረውር ደስ ባለኝ።

ከገበያው ወጥተን በእንሰቱ መሀል ብዙ ከሄድን በኋላ አንድ ግቢ ደረስን። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ዶማውን አጥሩ ላይ አስደግፎ መጣ። ማርቆስ እባላለሁ አለ። አባቴ በሲዳሙ አፎ ሲናገር እኔ የገባኝ “ዱካሞ” የሚለው ብቻ ነው። ማርቆስ አባቴን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ቋንቋውን እንደማልችል ገብቶት በአማርኛ ተናገረ።

“ዱካሞ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። እኔ ሳልወለድ ሀዋሳ ላይ ሞቷል። መርዶውን ይዛ የመጣችው ራሷ እናቴ ናት። ዘመድ ተሰብስቦ ልቅሶው ተለቅሷል።”

አባቴ አጥሩን ይዞ ቆመ። እኔ ገባኝ፤ እሱማ ከእኔ በፊት ገብቶታል። ከዚያች ከደጃፉ ከተመለሰች ቀን በኋላ ለዘመዱ ሁሉ ልጄ ሞተ ብላ ተናግራለች።

ድምፅ ሰምታ ዱላ ተደግፋ ወጣች። ዳንጊሴ። ትንሽ ናት፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው፣ በደንብ ያያል። አባቴ ከነሙሉ ልብሱ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። ቆማ አየችው። ፊቱን፣ ጆሮውን፣ እጁን፣ አንድ በአንድ አየች። ያወቀችው መሰለኝ፤ አይ፣ አውቃዋለች። ቀና ብላ ለማርቆስ ጥቂት ቃል ተናገረች። ማርቆስ አፈረ።

“ምን አለች?” አልኩት።

“እንግዳው ለምን ጭቃ ላይ ይቀመጣሉ፤ አስገቧቸው፣ ወንበር ስጧቸው አለች።”

ገባን። ጋቢውን በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነች፤ መርቃም ለማርቆስ ሰጠችው። ለአባቴ ወንበር ተሰጠው። እኔን ግን እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ጉንጬን ዳሰሰች፣ ስሜን ጠየቀች፣ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና ራሷ ሞከረችው። እርጎ ሲመጣ መጀመሪያ ለእንግዳው ተሰጠ። የት አገር እንደሚኖር፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ልጆች እንዳሉት፣ ቋንቋዋን እንደማያውቅ ሰው ሁሉ፣ በማርቆስ በኩል በክብር አስጠየቀችው። አባቴ ሁሉንም መለሰ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ አስር ወር ያጠራቀምኩትን ንዴት የማወርድበት አጣሁ። ብትሰድበው፣ በዱላዋ ብትለው በወደድኩ! “እናቴ” አላት በመጨረሻ፤ ይህቺ ቃል በሲዳሙ አፎ ብትሆንም ለእኔም ገባችኝ። ሌላ ሰው የጠራት ይመስል ወደ ማርቆስ ዞረች።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አንድ ነገር ተናገረች። ማርቆስ ለእኔ ብቻ ተረጎመልኝ፤ “አንቺ እደሪ፣ ቤትሽ ነው። እንግዳው ግን ሳይመሽባቸው መንገድ ይጀምሩ።”

አባቴ ትርጉሙን አልጠበቀም፤ ቀድሞ ተነስቷል።