የአራስ ቤት ወሬ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ስልክ ተደወለለት። አዳመጠ፣ ባጃጁን ዳር አስያዘ፣ መሪው ላይ ተደፋ። እናቱ ሞታ ነው። የደወለው ሰው እንደ ገበያ ወሬ በቁሙ ነገረው። አብሬው አለቀስኩ። እኛ እኮ መርዶን ሽማግሌ ሰብስበን፣ ጎህ ሳይቀድ ደርሰን፣ ሰውየውን ደግፈን የምናረዳ ሰዎች ነበርን። ያ ደግነታችን በማን ጫንቃ ላይ ይወድቅ እንደነበርም አውቃለሁ።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ክረምት ነው። ታላቅ እህቴ አስናቀች ቦንጋ ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ፈት ስለነበርኩ ላርሳት መጣሁ። ባሏ ጋሽ አድማሱ ማርና ኮረሪማ ይነግድ ነበር። ልጁ በተወለደ በሳምንቱ፣ ለክርስትናው በግ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ሺሺንዳ ገበያ ወጣ። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ስለነበር የተሳፈረበት የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። እዚያው ሞተ፤ አቅራቢያው ባለው የትውልድ መንደሩ ተቀበረ።

አራስን መርዶ አያረዱም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኑም ይጎዳል ይባላል። ስለዚህ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ይደበቅ ብሎ የሟቹ ታላቅ ወንድም ወሰነ። ጥቁር የለበሱት ሴቶች ጎረቤት ቤት ልብሳቸውን ለውጠው ይገባሉ፣ ገንፎ ቀምሰው፣ ስቀው ተጫውተው ይወጣሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ቆጮ እየጋገርኩ አለቅሳለሁ። እህቴ ዓይንሽ ለምን ቀላ ስትለኝ ጭሱ ነው እላለሁ።

የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ምሕረት ግን የአዋቂዎቹን ሹክሹክታ ሰምታ ኖሯል። አጎቷ ቁጭ አድርጎ፣ ለእናትሽ ከነገርሽ ወንድምሽ ይሞታል አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልጅ ዝም የሚያሰኝበት ሌላ ቃል አጥቶ ነው።

አንድ ቀን የሕፃኑን ጨርቅ ሳጥብ አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች።

«አክስቴ፣ የዋሸ ሰው እግዜር ይቀጣዋል አይደል?»

«ትልቅ ሰውን ነው እንጂ ልጅ አይቆጠርበትም» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ውሸቱን እኔ ልንገራት። እናንተ ዝም በሉ።»

እኛ ይመጣል ከማለት አናልፍም ነበር። እሷ ግን ከውጭ እየሮጠች ትገባና ወሬ ታመጣለች። ከሺሺንዳ የመጣ ሰው ነገረኝ ትላለች፤ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ነው፣ በጉ ተገዝቷል፣ አንድ ጆሮው ጥቁር ነው። እህቴ ያንን ወሬ እየሰማች ትበላለች፣ ያንን እያሰበች ትተኛለች። የልጁን ስም አባቱ ሳይኖር አላወጣም ብላ ስታስቸግር ደግሞ፣ ምሕረት ከዝናብ ገብታ፣ «አባዬ ደረሰ በሉት ብሏል» አለች። እህቴ ሳቀች። ራሱ ሳይደርስ እንዴት ነው ልጁን ደረሰ የሚለው አለች። ስሙ ግን ደረሰ ሆነ።

ባሏ ለክርስትናው ሳይመጣ ሲቀር የእህቴ ልብ ጠረጠረ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሲነግሯት አላመነችም፤ «ልጄ ወሬውን እያመጣችልኝ?» አለች። ሁሉም ዞሮ ምሕረትን አየ። ቤቱ በዋይታ ሲናወጥ እሷ አላለቀሰችም። ጥግ ይዛ ሕፃኑን አቅፋ፣ ጣቷን አፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ትጠብቃለች። ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

«መቼ ነው የሚሞተው?» አለችኝ።

አይሞትም ብዬ ማልኩላት፤ አላመነችኝም። በዚያ ቤት ማን እውነት ተናግሮ ያውቃልና ታምነኛለች?

ከተዝካሩ በኋላ እህቴ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ስለ ድልድዩም ስለ በጉም ጠየቀቻት። ምሕረት ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ አለች።

«ስሙንስ?»

ልጅቷ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። «ስሙንማ አባዬ ነው። ሲሄድ በር ላይ ነገረኝ።»

እህቴ ደረቷ ላይ አጣብቃ ሳመቻት። ጋሽ አድማሱን ያን ቀን በር ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ ምሕረት ተኝታ ነበር።

እህቴ ስሙን ከባሏ የተላከ ነው እንዳለች አረፈች። ደረሰም ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ፣ ስሜን አባቴ ነው ያወጣልኝ እያለ ይኮራል። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ከባጃጁ ወርጄ በቀጥታ ምሕረት ቤት ሄድኩ። ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ፣ እውነት አባትሽ ነግሮሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

እጇ ጎመኑ ላይ ቆመ። «እኔ እንጃ፣ አክስቴ። ብዙ ጊዜ ስላልኩት አሁን ድምፁ ይሰማኛል። ከእሱ ድምፅ የቀረኝም ያ ብቻ ነው።»

«ነግሮሻል እንጂ» አልኳትና አብሬያት መቀንጠስ ጀመርኩ።

ልጅ የሚዋሸው ዱላ ፈርቶ ነው ሲባል ስሰማ አንጀቴ ይቃጠላል። ምሕረት ቤት ሙሉ ሰው ተሸክማ ነው የዋሸችው። ለእናቷ ሽማግሌ ሰበሰብን፣ ደጋፊ አዘጋጀን። እሷን ግን አባትሽ ሞቷል፣ አልቅሺ ብሎ ያረዳት ሰው እስከ ዛሬ የለም።