የአባቴ መዳፍና የቆጮ ሊጥ

ሞተሩ ቡሌ መንገድ ላይ ጭቃ ሲያዳልጠው አባቴን ምንም አልነካውም። የጎዳው እሱው በገዛ እጁ ነው። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ሰው ፊት ወድቆ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ዘሎ ተነሣና ሞተሩን አነሣለሁ ብሎ የጋለውን የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታውን፣ በቀኝ መዳፉ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

ቡሌ ውስጥ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ እንቁላል፣ ሌላው የሞተር ግሪስ ይዞ ደረሰ። እኔ ወደምኖርበት ዲላ ሲያመጡት እጁ ለልደት የተዘጋጀ ኬክ ይመስል ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ያን ሁሉ አጥባ ስትጨርስ፣ "ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሱበት ይበቃ ነበር" አለች። ሁላችንም ጥፋቱን በቡሌ ሰው ላይ አላከክን።

ቁስሉ ሲደርቅ ተመስገን አልን። አባቴ ግን ጣቶቹን አጥፎ መያዝ ለመደ። ሲያጥፋቸው ይመቸዋል፣ ሲዘረጋቸው ይወጥረዋል። ሲተኛ ጣቶቹን ዘርግቶ እንዲይዝለት የተሰጠውን ድጋፍ አልጋ ሥር ወረወረው። ከአዲስ አበባ በስንት ልመና ያስመጣሁለትን ጠባሳ የሚያለሰልስ የሲሊኮን ልጣፍ ደግሞ ስልኩ እንዳይንሸራተት ከሥሩ አነጠፈው።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ጠባሳውን ጫን ለቀቅ እያደረገች ቀለሙን አየች፤ በጣቶቿ ይዛ ውፍረቱን ፈተሸች፤ ያሳክክዎታል ወይ፣ ከዘመድ ጠባሳው እያበጠ የሚያስቸግረው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ከዚያም "አባቴ፣ መዳፍዎን ጠረጴዛው ላይ ያንጥፉት" አለችው።

አልተነጠፈም። ከሥሩ ሎሚ ያሳልፍ ነበር።

"ጠባሳ እየቆየ ይኮማተራል" አለች። "አሁን በማሸትና በመዘርጋት ካልቀደምነው ጣቶችዎ እንደታጠፉ ይቀራሉ። ያኔ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከጭንዎ ቆዳ ወስደን መዳፍዎ ላይ እንተክላለን።"

አባቴ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ የሚጨብጥ ሽማግሌ ነው። ዓይኑ ፈጠጠ። "ታዲያ የጌታን ሕዝብ በጭኔ ልጨብጥ ነው?"

ሐኪሟ ሳቋን በማስኳ ሸፈነች። እኔ ማስክ ስላልነበረኝ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግን ሳቄ ሳላስበው ወደ ልቅሶ ዞረ። ፊደል ያስቆጠረኝ በዚያ እጁ ጠመኔ ይዞ ነው፤ እንደዚያ ተጨብጦ ይቀራል ብዬ ክፉኛ ፈራሁ።

ስመለስ ሐኪሟ አብራን የመጣችውን እናቴን ትጠይቃለች፤ "ቤት ውስጥ በመዳፍ ጫን እየተባለ የሚሠራ ምን ሥራ አለ?"

"ቆጮ ማሸት" አለች እናቴ፣ ሳታመነታ።

እኛ አገር ወንድ ቆጮ ይበላል እንጂ አያሽም። አባቴ ሐኪሟን አየ፤ እሷ ግን "በጣም ጥሩ!" ብላ ራሷን ነቀነቀች። እናቴ ወደ እሱ ዞራ "እንግዲህ ምረጥ፤ ወይ ቆጮውን ወይ ጭንህን" አለችው።

በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ ማሸት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ እንባው እየመጣ ነበር፤ ጠባሳው ሲወጠር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። እናቴ አልራራችለትም። "ጫን በለው እንጂ! ተማሪ ስትገርፍ እንዲህ ነበርክ?" ትለዋለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ሳታንኳኳ ገባችና እስከ ክርኑ በሊጥ ተለውሶ አገኘችው። "ወይኔ! እትዬ ሞተች እንዴ?" ብላ ጮኸች። እስከ እሁድ ድረስ ያልሰማ ምእመን አልነበረም፤ መዘምራኑም ለልምምድ ቀን ቆጮ እንዲልክላቸው ጠየቁት። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈ፤ ማሸቱን ግን አልተወም።

ክረምቱ አልፎ ሐኪሟ ፊት ቀረብን። "ያንጥፉት" አለች። አባቴ እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። አመልካች ጣቱ፣ ከዚያ የመሐል ጣቱ፣ ከዚያ የቀለበት ጣቱ ጠረጴዛውን ነኩ። ትንሿ ጣት ለአፍታ አንገራግራ እሷም ተኛች። ሐኪሟ ከሥሩ ወረቀት ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ምን ቢያደርጉ ነው እንዲህ የሆነልዎት?" አለች ሐኪሟ፣ ከልቧ ተደስታ፣ ከራሱ አፍ ልትሰማው ፈልጋ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጸሎት ነው" አለ።

"አዎ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን እየጠረገች፤ "ጸሎቱን ስንጋግረው፣ ስንበላው ከረምን።"